ጀበና ሲፈልጉ አይብ ሲመጣ

ካርቱም ሁለት ውስጥ ምግብ ቤት ወይም የቡና ሥራ የነበራችሁ፣ ዛሬ ገዳሪፍ፣ ፖርት ሱዳን፣ ካይሮ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሰሙኝ አላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሣው ጦርነት ባለቤቱንም ደንበኛውንም በየአገሩ በተነው። በማርች 2025 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ አፍ አይጠፋም፤ ብመለስ ገበያ አለ ወይ? ደንበኞቼስ አሁን የት ናቸው፣ ምንስ ይፈልጋሉ?

የመልሱን ከፊል ሰዎቹ ራሳቸው በፌስቡክ፣ በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በኤክስ ላይ በየቀኑ ይጽፉታል። የተመረጡ ቃላትን በየመድረኩ አዘውትሮ እየፈለጉ፣ ማን ምን እንዳለ መመዝገብ የቁልፍ ቃል ክትትል ይባላል። ትልልቅ ኩባንያዎች በውድ ሶፍትዌር ይሠሩታል። እናንተ በስልካችሁና በአንድ ደብተር ትሠሩታላችሁ። ዋናው ጉዳይ ግን ቃሉ ከማን አፍ የወጣ ነው የሚለው ነው። ባለቤቱ «የኢትዮጵያ ባህላዊ ምግብ» ብሎ ሲፈልግ ይውላል፤ ሱዳናዊው ደንበኛ ግን ወጡን ዝግኒ ነው የሚለው። እናንተ ለሸቀጣችሁ ባወጣችሁት ስም ብቻ ከፈለጋችሁ የምታገኙት የራሳችሁን ማስታወቂያና የተፎካካሪዎቻችሁን ማስታወቂያ ነው።

ሱዳኖች ቡናውን ከነማፍያው ጀበና ይሉታል፤ የማፍያው ስም ከእኛው ጋር አንድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲጻፍ ነው። ዓረብኛ አጫጭር አናባቢዎችን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጽፍ ጀበናና ጅብና፣ ማለትም ቡናውና አይቡ፣ በወረቀት ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው። ጀበና ብላችሁ ስትፈልጉ የአይብ ነጋዴ፣ የፒዛ ቤትና የቁርስ አሠራር ቪዲዮ ይጎርፍላችኋል። ስለዚህ ብቻውን አትተዉት፤ በዓረብኛ ቡን ወይም ዝንጅብል የሚለውን ቃል፣ ወይም የሰፈሩን ስም አጣምሩበት። በአማርኛም ነገሩ ያው ነው። «ቡና» ብሎ የፈለገ ሰው ግማሹን ቀን የኢትዮጵያ ቡና እግር ኳስ ክለብን ጎሎች፣ ቀሪውን የቡና ባንክን ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል። በኤክስ ላይ የማትፈልጉትን ቃል የመቀነስ ምልክት ከፊቱ አድርጋችሁ ከፍለጋው ማስወጣት ትችላላችሁ፤ ሌሎቹ መድረኮች ላይ ግን ያለው መፍትሔ ቃል ማጣመር ነው።

ከዚያ የአጻጻፍ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ሀበሻ፣ ሃበሻ፣ ሐበሻ፤ ለአንባቢ አንድ፣ ለኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዝግኒ ደግሞ በዓረብኛ ሲጻፍ «ገ»ን የሚተካው ፊደል ይለያያል። ሱዳናዊ አብዛኛውን ጊዜ በቃፍ ይጽፈዋል፤ ጎግልንም በቃፍ ነው የሚጽፈው። ካይሮ ያለው ግብፃዊ በጂም፣ ሌላው ዓረብ ብዙ ጊዜ በጘይን ይጽፋል። ይህ ልዩነት ጥቅምም አለው። ካይሮ ላይ ሆናችሁ በቃፍ የተጻፈ ጥያቄ ካያችሁ፣ ጠያቂው ከካርቱም የመጣ የድሮ ደንበኛችሁ ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል የሚጽፉም ብዙ ናቸው። እያንዳንዱን አጻጻፍ ደብተራችሁ ላይ ደርድሩና አንድ በአንድ ፈልጉ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን የዚህ ሥራ ግማሹ ይኸው ነው።

መድረኮቹም አንድ አይደሉም። ቲክቶክ ላይ ከቪዲዮው ይልቅ አስተያየቱን አንብቡ፤ «የት ነው? ስንት ነው?» የሚለው ሁሉ እዚያ ነው። ቴሌግራም የሚያሳያችሁ ይፋ የሆኑ ቻናሎችንና ቡድኖችን ብቻ ነው። ዋትስአፕ ላይ ከ2016 ጀምሮ የሰዎች የግል መልእክቶች ስለተመሰጠሩ ማንም ከውጭ ሆኖ ሊፈልግባቸው አይችልም፤ የሱዳን ንግድ ወሬ ደግሞ አብዛኛው የሚካሄደው በዚያው ነው። የሚገኘው ከፊል ሥዕል መሆኑን ከመጀመሪያው ተቀበሉ። ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች ፌስቡክን ለመከታተል ይጠቀሙበት የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ ሜታ በኦገስት 2024 ዘግቶታል፤ መስኮቱ ለትልልቆቹም ጠቧል።

የሱዳን አሃዝ ላይ በተለይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር ዝምታው ነው። ከጁን 3 ቀን 2019 እስከ ጁላይ 9 ድረስ ባለሥልጣናቱ ኢንተርኔት ዘጉ። ከኦክቶበር 25 ቀን 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ አብዛኛው አገር መገናኛ አልነበረውም። በእነዚህ ቀናት ስለ ምግብ ቤታችሁ ማንም አልጻፈም ማለት ማንም አልፈለጋችሁም ማለት አይደለም። መስመሩ ሲከፈት የሚታየውን ጭማሪም ዕድገት ብላችሁ አትመዝግቡት። የተቋረጠባቸውን ቀናት ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፉ።

ጩኸትም እንዲሁ ያታልላል። በ2019 ጁን ላይ ለሱዳናውያን ምግብ አደርሳለሁ፣ ተከተሉኝና አጋሩልኝ ያለ አንድ የኢንስታግራም ገጽ በጥቂት ቀናት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ሰበሰበ፤ ምግቡን ስለማድረሱ ግን ማስረጃ አላቀረበም። ተከታይ ስለበዛ ብቻ እውነት አለ ብሎ ገንዘብ ማውጣት አደገኛ ነው። እኔ ከመቶ «ላይክ» ይልቅ አንድ «ባንከክ ትቀበላላችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይበልጥብኛል። የካርቱም ባንክ መተግበሪያ የሆነው ባንከክ ጥሬ ገንዘብ በጠፋበት ጦርነት የብዙ ሱዳናውያን ኪስ ሆኗል። ይህን የጠየቀ ሰው ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው ነው፤ «ባንከክ» ራሱ ከቁልፍ ቃሎቻችሁ አንዱ ይሁን።

በመጨረሻ፣ በሩ የተዘጋ ቡድን ውስጥ በሐሰት ስም አትግቡ። ሚንበር ሻት የተባለው የሱዳን ሴቶች የፌስቡክ ቡድን በመጀመሪያ ስለ ወንዶች መረጃ የሚለዋወጡበት ነበር፤ በ2018 መጨረሻ በተነሣው ተቃውሞ ግን ሰልፈኛ የሚደበድቡ የደኅንነት ሰዎችን ፎቶ እያወጡ ማንነታቸውን ያጋለጡበት ሆነ። እንዲህ ዓይነት ቡድን ቆሞ የሚሄደው በአባላቱ መተማመን ነው። የእኛ ስደተኞች የጠፋ ወንድም የሚያፈላልጉበት፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እህት ምክር የምትጠይቅበት ቡድንም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የተነበበ ነገር የገበያ መረጃ ሊሆን አይገባም። ይፋ ከሆነው ቦታ ስትመዘግቡም የጸሐፊው ስምና ስልክ አይስፈር። ቀኑ፣ መድረኩ፣ ቃሉ በተጻፈበት ፊደልና ሰውየው የጠየቀው ነገር ይበቃችኋል።