ዝምተኛ ተማሪን ስለ መያዝ



ከስሜን ተራሮች ግርጌ ብቻውን በግ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፥ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት መጥቶ በጠባብ ቤት ከጓደኞቹ ጋራ ተከራይቶ ሲማር፥ የሰው ብዛት አድክሞት ቃል ቢያጥረው፥ ደንቆሮ ተብሎ ወደ በጎቹ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ካርል ዩንግ የተባለው የስዊስ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ኃይሉ ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ሰውን ጠባይ ገልጿል፤ የቅኔ መምህራን ግን ከእርሱ አስቀድመው በሥራ ያውቁት ነበር። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ ይቈጥራል፤ በዚያ ሰዓት ዝም ቢል ሰነፍ የሚለው የለም። በኋላ ግን ለመምህሩ መንገሩ አይቀርለትም።

የመንደር መምህርም ዝምተኛውን ልጅ በብዙ ዓይን ፊት ድንገት ከማስነሣት፥ ጥያቄውን በዋዜማው ይስጠው፤ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ቢቀመጥ ይተወው፤ መልሱንም አስቀድሞ ለብቻው፥ ቀጥሎ በጉባኤ ይስማው። ወላጆችም ልጁ ከሰርግ ተመልሶ ዝም ቢል አኵርፏል አይበሉት።