ጓዳ ውስጥ የቀረው ኪኒን
(የብቸናና የሞጣ አባላት በጋራ በተሰበሰቡበት ዕለት የቀረበ ንግግር)

ቡናው እስኪደርስ የዛሬውን ጉዳያችንን እናንሳ።

አምና በገበያ ቀን አንድ ነጋዴ ትንንሽ የዘይት ጠርሙሶችና የታሸጉ ኪኒኖች ይዞ መጣ። «ይሄ ለጉበት፣ ይሄ ለኩላሊት፣ ይሄ ለማህፀን፣ ይሄኛው ደም ያጠራል» አለን። አንዱ ጠርሙስ 600 ብር ነበር። አፉ ማር ነውና አመንነው። እንዲያውም ከቁጠባችን አውጥተን በጅምላ ገዝተን ለአባላት እናከፋፍል ያልነው እኛው የኮሚቴ ሰዎች ነን። ጥፋታችንን ሳንደብቅ የምንናገረው በምክንያት ነው።

ከመካከላችን አንዷ እህታችን ነፍሰ ጡር ነበረች። ከጤና ጣቢያ በነፃ የተሰጣትን የብረት ኪኒን «ያቅለሸልሸኛል» ብላ ጓዳ ውስጥ አስቀምጣ፣ ዶሮዎቿን ሸጣ ያንን ዘይት ገዛች። በሰባተኛ ወሯ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትመረመር ደሟ በጣም አንሶ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክማ በሰላም ተገላገለች። ዶሮዎቹ ግን ሄዱ፣ ደሟም አነሰ፤ እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። «ለሌሎች ንገሩልኝ» ያለችንም እሷው ናት።

ብረት ለምን ያስፈልጋል? ነፍሰ ጡር ለራሷም ለልጇም ደም ትሠራለች። የእነማይ ጤፋችን ብረት አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ሰውነት ብረቱን በቀላሉ ያገኘዋል። በእርግዝና ጊዜ ግን ምግብ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። የሚሰጠን ኪኒን ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። ፎሊክ አሲዱ የልጁ አንጎልና የጀርባ አጥንት በደንብ እንዲገጥም ይረዳል። ይህ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፣ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን ሳናውቅ ነው። ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች እህት ቀደም ብላ ባለሙያ ትጠይቅ።

ካቅለሸለሸ ከምግብ ጋር ወይም ማታ ሲተኙ ይወሰድ። ሰገራ ቢጠቁር ከብረቱ ነው፣ አያስፈራም። ቡናና ሻይ ግን ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። ሎሚና ብርቱካን ያግዙታል። ቡና ተዉ አላልንም፤ አራርቁት ነው ያልነው።

ሁለተኛው ነገር ጨው ነው። በደጋ አገር ዝናብ አዮዲንን ከአፈር ጠርጎ ይወስዳል፤ የአያቶቻችን እንቅርት የመጣው ከዚያ ነው። አዮዲን ሲጎድል በማህፀን ያለ ልጅ አእምሮም ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ስንገዛ አዮዲን ያለበትን እንጠይቅ፤ በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀን እናስቀምጥ፤ ወጡም ሊወጣ ሲል እንጨምረው።

የጓሯችን መድኃኒትስ? አንጥለውም። የዳማከሴን ጭማቂ፣ የባህር ዛፍን እንፋሎት እናቶቻችን አውርሰውናል፤ ጉንፋን ሲይዘን ያሳርፈናል። ነገር ግን ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይደለም። ጤና አዳም በስኒ ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ነፍሰ ጡር አፍልታ ስትጠጣው ሌላ ነው፤ ማህፀንን ስለሚያኮማትር ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ኮሶም ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። በጠርሙስ የሚሸጥ የባህር ዛፍ ዘይት ደግሞ ጥቂቱን እንኳን ሕፃን ቢውጠው ሊያንዘፈዝፈውና ነፍሱን ሊያሳጣው ይችላል። ቤታችሁ ካለ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

«ደም ያጠራል» የተባለውን በተመለከተ፣ ደምን የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ራሳቸው ናቸው። ምን እንደያዘ ያልታወቀ ነገር ስንውጥ ሥራ እናበዛባቸዋለን እንጂ አናግዛቸውም።

እህቶቻችን፣ እኛ ኮሚቴዎች ይህን ወስነን መጥተናል፤ እናንተም ተወያዩበት። አንደኛ፣ ከቁጠባው ለእንዲህ ያለ ጠርሙስ አንድ ብር አይወጣም። ሁለተኛ፣ ያ ገንዘብ ምጥ ለመጣባት አባል የመኪና ኪራይ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር አንዲት እህት ትመደብላት፤ በየሳምንቱ ቤቷ ሄዳ፣ ቡና ሳትጠጣ በፊት «ኪኒኑስ?» ብላ ትጠይቃት።

ባለፈው ጊዜ ያልጠየቅናት እኛ ነን። አሁን ግን እንጠይቃለን።

ቡናው ደርሷል፤ ኪኒን የምትወስዱ ግን ትንሽ ቆዩ።