ላርጋክቲል በቤታችሁ ካለ

(በክሊኒካችን የእንግዶች ማረፊያ ክፍል ለባለትዳሮች ከተደረገ ንግግር)

ሌላ ጊዜ እዚህ ስቆም ስለ እንክብሉ፣ ስለ መርፌው ወይም ስለ ሉፑ ነበር የምናገረው። ዛሬ ግን ወረፋችሁ እስኪደርስ ስለ አንድ ሌላ መድኃኒት ላጫውታችሁ። ስሙ ክሎርፕሮማዚን ይባላል። ከመካከላችሁ ላርጋክቲል በሚለው የንግድ ስሙ የምታውቁት ትኖራላችሁ።

የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ከዚህ መድኃኒት ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ከባለቤቷ ጋር ወደ እኛ መጣች። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር ሆኖታል፤ ጡቷም ወተት ያወጣል። ትንሹ ልጃቸው ግን ጡት ከጣለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባልየው ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ግን ብዙ ይናገራል። አርግዛ ደብቃኛለች፣ ወይም አስወርዳለች ብሎ ጠርጥሯል። የሽንት ምርመራው እርግዝና የለም አለ። ለብቻዋ አስገብተን «የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ?» ብለን ስንጠይቃት ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ክኒን አወጣች። ለአእምሮ ሕመም የታዘዘላት ላርጋክቲል ነበር። ባሏ ከሰማ ይተወኛል ብላ ፈርታ ለወራት ደብቃ ስትውጠው ኖራለች። ፈቃዷን ጠይቀን፣ እሷው ራሷ በእኛ ፊት ነገረችው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ነው» አለ።

ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ በፈረንሳይ አገር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዣን ደሌ እና ፒየር ዴኒከር የተባሉ ሐኪሞች በፓሪስ ሴንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተውት ውጤቱ ብዙዎችን አስደነቀ። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚገታ የሚጮኸውን ሐሳብ፣ የሌለ ድምፅ መስማትን፣ ከባድ መረበሽን ያረጋጋል። ማስታወክን የሚያስነሳውም የአንጎል ክፍል በዚሁ ንጥረ ነገር ስለሚሠራ፣ መድኃኒቱ ከባድ ማቅለሽለሽንና ማስታወክንም ያቆማል። እንግዲህ ክኒኑን ከሰው እጅ ስላያችሁ ብቻ «እብድ ነው» ማለት ስሕተት ነው። የአእምሮ ሕመም ቢሆንስ? እንደ ስኳርና እንደ ደም ብዛት የሚታከም ሕመም ነው።

ልዩነቱ በመጠኑ ነው። ክኒኑ 25 ሚሊ ግራምም 100 ሚሊ ግራምም ሆኖ ይመጣል። ለማስታወክ ሐኪም የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ነው፤ ለአእምሮ ሕመም ግን በቀን በመቶዎች ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት «እኔን አሽሎኛል» ብላ የሰጠቻችሁ አንድ ክኒን ለእናንተ አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በጋዜጣ መጠቅለልም ይቅር። ከመድኃኒት ቤት ስትገዙ ስሙና መጠኑ ተጽፎበት ስጡን በሉ፤ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ዶፓሚን ሲገታ ወተት የሚያስመጣው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። የወር አበባ የሚዛባው ወይም የሚቀረው፣ ጡትም ወተት የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። (የሦስት ወር መርፌ የምትወስዱ እኅቶችም የወር አበባ ይቀርባችኋል፤ የዚያ ምክንያት ግን ሌላ ነው።) እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው የወር አበባ የቀረችውን ሁሉ አርግዛለች ማለት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ «ማኅፀኔ ደርቋል» ብሎ መከላከያውን መተው። ላርጋክቲል የእርግዝና መከላከያ አይደለም! የወር አበባ ሳይታይም ሊረገዝ ይችላል። ባሎችም ይህን መድኃኒት ስትወስዱ ስሜታችሁ ሊቀዘቅዝ፣ ብልት መቆም ሊያቅተው ይችላል። ይህን ሚስቱ ላይ የሚያሳብብ፣ ወይም መድኃኒቱን በምሥጢር የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይለውጣል።

ከእርግዝና መከላከያዎቹ የትኛው ይሻላል ለምትሉ፣ ሉፑም መርፌውም ከዚህ መድኃኒት ጋር ይሄዳሉ፤ እንክብሉንም መውሰድ ይቻላል። ነገር ግን ከአእምሮ ወይም ከሚጥል በሽታ ሕክምና ጋር ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን ከታዘዘላችሁ እነዚህ የእንክብሉን ኃይል ያዳክማሉና መጀመሪያ ንገሩን። መከላከያ እንክብል የጀመረች እኅት መጀመሪያ ላይ ቢያቅለሸልሻት ለዚያ ላርጋክቲል አትፈልግም፤ እንክብሉን ከምግብ ጋር ወይም ማታ ስትተኛ ትውሰደው፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይተዋታል። እንክብሉን ውጣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳት ግን ሌላ አንድ ትድገም።

ነፍሰ ጡር ሆና የምታስመልስም እንዲሁ። አብዛኛው የእርግዝና ማስታወክ ከአራተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ይቀንሳል። ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ ደረቅ ዳቦ መቅመስ፣ ዝንጅብል፣ የሚያስጠላውን የወጥ ሽታ መሸሽ ይረዳል። እዚህ ላይ ባሎች፣ ሽንኩርቱን እናንተ ብታቁላሉት ምን አለበት? ውሃ እንኳ የማይረጋላት፣ ሽንቷ የቀነሰ፣ የምትከሳ ሴት ግን ሆስፒታል ትሂድ፤ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ማዘዝ የሐኪሙ ፋንታ ነው። ለአእምሮ ሕመም ስትወስድ ያረገዘች ደግሞ በድንጋጤ በአንድ ቀን አታቋርጥ፤ ሕመሙ ቢያገረሽ ለእሷም ለፅንሱም አደጋ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት መድኃኒቱን ከወሰደች አዲስ የተወለደው ሕፃን ሊንቀጠቀጥ፣ ሊግተረተር፣ ጡት መጥባት ሊያቅተው እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 አስጠንቅቋል። ስለዚህ አዋላጇ አስቀድማ ትወቅ። በጡት ወተትም ያልፋልና የምታጠባ እናት ሕፃኑ ከመጠን በላይ እንቅልፍ ካበዛ ታሳየው።

ከሁሉ በላይ ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ በድንገት አንገት ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይያዛል፣ ምላስ ይወጣል። ያየ ሰው ሁሉ ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው ይላል። ልክፍት አይደለም፤ ክኒኑ ነው። ሆስፒታል ከተወሰደ አንድ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ያላቅቀዋል። ጠበል መሄድ የምትፈልጉ አትከለከሉም፤ መጀመሪያ ግን ሆስፒታል፤ የክኒኑንም መያዣ ይዛችሁ ሂዱ። (ለማስታወክ የሚሰጠው ፕላሲልም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።) ለወራትና ለዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ከንፈሩንና ምላሱን እንደሚያኝክ ቢያንቀሳቅስ ቶሎ ለሐኪም ይነገር፤ ከቆየ ላይተው ይችላል።

ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት እንደ እንጨት መድረቅና መቀባዠር አንድ ላይ ከመጡ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፤ ሕይወት ያሳልፋል። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ቁስለትም ለደም ምርመራ ያስቸኩላል። የዓይን ቢጫ መሆን፣ ማለትም የወፍ በሽታ የምንለው፣ ከመድኃኒቱ ሊመጣ ይችላል፤ እንክብል የምትወስድ ሴት ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ለእኛም ትንገረን፤ ጉበት ሲታመም እንክብሉ አይመከርም።

የቀረው ቀላል ነው። ያስተኛል፤ ስለዚህ መኪና ለሚነዳና ማሽን ላይ ለሚሠራ አይመችም። ከአልጋ በድንገት ሲነሡ ያዞራል፤ ቁጭ ብሎ፣ ቆየት ብሎ መነሣት ነው። ከአረቄ፣ ከጠጅና ከጠላ ጋር እንቅልፉ ይበረታል። ጫትም መድኃኒቱ ያረጋጋውን መልሶ ይቀሰቅሳል። ፀሐይ ቆዳን ያቃጥላል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ያላችሁ ጃንጥላና ብዙ ውሃ አትርሱ። የጨጓራ ማስታገሻ የምትወስዱ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቁት። ክኒኑን ደግሞ ልጆች በማይደርሱበት፣ ቢቻል በተቆለፈ ሣጥን አኑሩ።

ያቺ እናት ሐኪሟ ጋር ሄዳ መድኃኒቷ ተቀየረላት። የመጀመሪያውን ቀን አብሯት የሄደው ባሏ ነው። አሁን ማታ ማታ «ወስደሻል?» ብሎ የሚያስታውሳት እሱ መሆኑን ባለፈው ለመርፌዋ ስትመጣ እየሳቀች ነገረችን።

በሉ፣ ቁጥር 14 ተጠርቷል። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ በሰው ፊት መጠየቅ ያልፈለገም በሩ ጋ ያገኘኛል።