የተሰነጠቀውን ግድግዳ ስለ ማደስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! በጌዴኦ ምድር፣ በወርቃ፣ ዝናም በበልግም በክረምትም ይበረታል። ስለዚህ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ምርጊቱም ይረግፋል። ባለቤቱ ለበዓል ሲቸኩል ስንጥቁን በቀጭን ልስን ይሸፍነዋል፤ እንግዳም ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ዝናም ሥራውን ይገልጠዋል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 እግዚአብሔር ስለዚህ ነገር ለካህናት ሥርዓት ሰጥቷል። ካህኑ ደዌ የታየበትን ግድግዳ ወዲያው አያስመርገውም፤ ቤቱን 7 ቀን ዘግቶ ይጠብቃል። ደዌው ሰፍቶ ቢገኝ የታመመው ድንጋይ ይወጣል፤ ውስጡ ይፋቃል፤ ሌላ ድንጋይ ይተካል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ በሌላ ጭቃ ይመረጋል። እንግዲህ ምርጊት የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ብልህ ሠራተኛም ይህንኑ ያደርጋል። አስቀድሞ ውሃው ከየት እንደሚገባ መርምሮ የሚያፈሰውን ጣራ ይደፍናል፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል። ግድግዳውን አንኳኩቶ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ምርጊት ያራግፋል፤ ምስጥ የበላውን ማገር ይለውጣል። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ እስኪብላላ ያቆየዋል፤ አዲሱ እንዲይዝም አሮጌውን በውሃ ያርሰዋል። የፊተኛው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይደርብም። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ የሚለስን ግን እርጥበቱን በውስጥ ያፍነዋል፤ ውጭው ሲያምር እንጨቱ ይበሰብሳል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 13፣ ሰላም ሳይኖር ሰላም አለ የሚሉትን በማይረባ ጭቃ ግድግዳ ከሚመርጉ ሰዎች ጋር አመሳስሎ ገሥጿቸዋል።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከተመለሱትም ብዙዎች ቤታቸውን ፈርሶ አገኙት። የቤቱ ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይታደሳል፤ በጎረቤታሞች መካከል የተሰነጠቀውን ግን በምን እናድሰዋለን? ቂሙን ሳናወጣ «ታርቀናል» ብለን ብንለስነው በልጆቻችን ላይ ይወድቃል። መፋቅ ማለት በደልን መናዘዝ፣ የወሰዱትን መመለስ፣ የተበደለውንም እስከ መጨረሻው መስማት ነው። እኛ ካህናትም የአንደኛውን እንባ ሳንሰማ «በሰላም ግቡ» ብለን ያሰናበትንበት ጊዜ አለና፣ ይህ ተግሣጽ ከእኛ ይጀምራል።

ስለዚህ ዝናሙ ሳይመጣ ተነሡ። ጭቃ ለብቻ አይረገጥምና፣ ረዳት የሌላትን አሮጊት ግድግዳ አብራችሁ መርጉ፤ ያኰረፋችሁትንም ጎረቤት ለዚያ ሥራ ጥሩት። ልዑል እግዚአብሔር ቤታችንንም ልባችንንም ያድስልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።