ተከፍሎ ያልደረሰ ገንዘብ
(በጠዳ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ ባንኮችም በስልክ ማስተናገድ ካበዙ ወዲህ፣ ለመቶ ብር ቁጠባ ብለን የታክሲ ከፍለን አዘዞ መሄድ ቀርቶልናል። ትልቅ እፎይታ ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ከአባል እጅ ወጥቶ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ስለማናገኘው ገንዘብ ነው።

ተራ ስልክ የያዘች አባል ኮከብ ብላ፣ ቁጥሩን ነክታ መሰላል ስትጫን ዝርዝር ይመጣላታል። አንዱን ስትመርጥ ሌላ ዝርዝር ይከተላል። ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት አንድ አገልግሎት ላይ «ክፍያ»፣ «መላክ»፣ «ማስተላለፍ» ተደርድረዋል። የማኅበር ቁጠባ በየትኛው ነው የሚገባው? ሦስቱም ይመስላሉ። ቆም ብላ ስታስብ ጊዜው አልፏል ይላትና እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ዝርዝሩ ሲታደስ ደግሞ ተራው ይቀየራል፤ «መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት» ብላ በቃሏ የያዘች እናት ሌላ ቤት ትገባለች። አንዲት አባላችን የብድር ክፍያዋን 600 ብር የአየር ሰዓት ሞላችበት። ያን ሰሞን ለዘመድ ሁሉ ስትደውል ከረመች፤ ምን ታድርገው!

«ስላልተማሩ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ አንቀበለውም። ገበያ ውላ ሳንቲም የማይጎድልባት ሴት ቁጥር አያቅታትም፤ ዲፕሎማ ያለንም ሁለቴ እናነበዋለን። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው አንዲት እናት ስትነካካው አጠገቧ ተቀምጦ ቢያይ ኖሮ እንዲህ ባልተወው ነበር።

የሚከብደው መዘዙ ነው። በቀኑ ያልገባ ቁጠባ ቅጣት አለው፣ የብድር ወረፋም ያስዘልላል። ለፋሲካ በግ ገዝታ ልታደልብ ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ከፍላ ሳለ እንዳልከፈለች ስትቆጠር ዝም ማለት አንችልም። ስለዚህ የክፍያ መልእክቷን ይዛ የመጣች አባል ገንዘቡ የገባበት እስኪጣራ ድረስ ቅጣትም ወረፋ ማጣትም እንዳይነካት ለጉባኤው አቅርበናል።

እናንተም መልእክቱን አታጥፉ። ቀኑ በፈረንጅ ቢጻፍም አትደንግጡ፣ እኛ እንመልሰዋለን። የምስጢር ቁጥር ከመንካታችሁ በፊት የተቀባዩን ስም አንብቡ ወይም አስነብቡ፤ የማኅበራችን ስም ካልሆነ ተዉት።

ለባንኩ የጻፍነው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው። የማኅበር ቁጠባ ራሱን የቻለ መስመር፣ በግልጽ አማርኛ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲደረግልን ይጠይቃል። ሳትፈርሙ እንዳትወጡ፤ ጣት ማተም ለምትፈልጉም ቀለሙ ተዘጋጅቷል።