ገጽም ጥገና ይፈልጋል



በ1895 ዓ.ም. ግድም ባቡር የቆረቆራት ከተማችን ድሬዳዋ ከሐዲዱ ጋር የጥገና ወርክሾፕም ነበራት። የራሳችሁን ድረ ገጽ ለመሥራት ላሰባችሁም ነገሩ ያው ነው፤ ከመሥራቱ ጋር ጥገናም ያስፈልጋል።

መጀመሩ አያስፈራ። ቲም በርነርስ ሊ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ለእናንተም ኤችቲኤምኤል በተባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስም፣ ሙያ፣ የሥራ ናሙና። ፎቶው ቀለል ይበል፤ ቀፊራ ገበያ መሀል ቆሞ በሞባይል ዳታ የሚከፍት ደንበኛ ብዙ አይታገስም።

ከባዱ ማቆየቱ ነው። የዶሜይን (የገጹ አድራሻ) ክፍያ በየጊዜው ይታደሳል፤ ከተረሳ አድራሻው ለሌላ ሊሄድ ይችላል። ስልክ ሲቀየር ገጹም ወዲያው ይታረም፤ ቅጂው በፍላሽ ይቀመጥ። ትልቅ ተሠርቶ ከሚዘጋ፣ ትንሽ ሆኖ ሁሌም የሚከፈት ይሻላል።