ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ

አንደኛ አቅራቢ፦ የዛሬው የእንግሊዝኛ ቃላችን «ፖይዝ» ነው፤ ሚዛንን ሳይስቱ፣ ረጋ ብሎ ለድርጊት ዝግጁ መሆን። ብዙዎች አብሮ የሚወለድ ጠባይ ያደርጉታል፤ እኔ ግን የልምምድ ውጤት ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ላይ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ የሁለቱንም ሞተሮች ኃይል ያጣው ኤርባስ ነው። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር ሃድሰን ወንዝ ላይ እስኪያሳርፉት አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የአደጋ ጊዜ መመሪያው የተዘጋጀው ከፍ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን ስለነበር አንብቦ የሚጨርሰው አልነበረም። ካፒቴኑ መመሪያው እስኪያዛቸው ሳይጠብቁ ረዳት የኃይል ማመንጫውን አስነሱ። ከጀርባቸው ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ የበረራ ሰዓት ነበር።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዕድልንስ የት ጣልከው? ጊዜው ቀን፣ ወንዙ ጸጥ ያለ፣ ጀልባዎቹም ቅርብ ነበሩ። ደግሞስ ስንቱ ልምድ ያለው ሰው ነው በቀውጢ ሰዓት እጁ የሚተሳሰረው?

አንደኛ አቅራቢ፦ ዕድሉን የአሜሪካ መርማሪዎችም አልካዱትም። ይሁንና ጀልባዎቹ 155ቱንም ሰዎች ያገኟቸው አውሮፕላኑ ሳይበታተን ስላረፈ ነው። ስለ ልምድ ያልሽው ግን ያስኬዳል። ረዳት አብራሪው ጄፍሪ ስካይልስ በሌሎች አውሮፕላኖች ቢቆዩም በዚህኛው ዓይነት ሥልጠና ጨርሰው ገና የመጀመሪያ ጉዟቸው ላይ ነበሩ። እሳቸው ሞተሮቹን መልሰው ለማስነሳት ሲታገሉ ካፒቴኑ መሪውን ያዙ። ቁም ነገሩ ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ እዚህ የሥራ ክፍፍል ላይ ይመስለኛል፤ ያ ደግሞ አስቀድሞ የሚሠለጠን ነገር ነው።